የአስማት ዕቃ ቅርጫ

ሰው አንድ ነገር ሲሰጠኝ ከዕቃው ይልቅ የሰጪውን ዓይን ዓይኑን ነው የማየው። እናቴ «ይህ ልጅ ጡት እንኳ የጠባው እየተጠራጠረ ነው» ትለኛለች። እኔም «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ብዬ እመልስላታለሁ። ስለዚህ ለማን ምን እንደሚገባው የምትወስን ሴት ፊት በየሳምንቱ መቀመጥ ለእኔ ዓይነቱ ሰው ቀላል አልነበረም።

ያኔ ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ውስጥ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ነበረኝ። እሑድ ከሰዓት በኋላ በሩን ገርበብ አድርገን አራት ሆነን ከኮፒ ማሽኑ አጠገብ እንቀመጣለን። አንዷ የእንግሊዝኛ መምህርት ናት። አብሯት ያስተምር የነበረ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲመለስ አንድ ወፍራም መጽሐፍና ብዙ ገጽ ያላቸው ዳይሶች ትቶላት ሄደ። ጨዋታው ሰሌዳ የለውም። እያንዳንዳችን አንድ ሰው እንፈጥራለን፤ እሷ ደግሞ ዓለሙን ትተርካለች፣ ዋሻ ትከፍታለች፣ አውሬ ትልክብናለች። እኛ የምናደርገውን እንናገራለን፤ መምታት መሳታችንን ዳይሱ ይወስናል። አውሬው ሲወድቅ ምርኮ ይገኛል፤ አስማት ያደረበት ሰይፍ፣ ካባ፣ ጫማ። ምን እንደሚገኝና ለማን እንደሚገኝ የምትወስነው ግን እሷ ብቻ ናት።

የሰኞ ገበያዋ ጨርቅ ነጋዴ ወዳጃችን ሌባ ሆና ትጫወት ነበር፤ «ወላሂ» ሳትል ዋጋ የማትጠራ ሴት። ከኮምቦልቻ የሚመጣው የፋብሪካ መካኒክ ጦረኛ ነበር። የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ወጥቶ ሲደርስ በደሴ ብርድ ስለሚንቀጠቀጥ፣ ጦረኛነቱን ለማመን ትኩስ ሻይ እስኪጠጣ መጠበቅ ነበረብን። የእኔ ሰው ድግምቱን ከመጽሐፍ የሚያጠና አስማተኛ ነው። «ይኸማ ደብተራ ነው» ብለው ሳቁብኝና ደብተራ ሆኜ ቀረሁ።

መጀመሪያ ለጦረኛው የእሳት ሰይፍ ተገኘለት። ይሁን አልኩ። ቀጥሎ ለሌባዋ የሚሰውር ካባ ተገኘላት። አሁንም ይሁን አልኩ። ለእኔ የተገኘልኝ የማይጠፋ ጧፍ ነው። መምህርቷ ምርኮ እንደ ጨው መሆኑን መጽሐፉ እንደሚመክር አስረዳችን፤ ሲያንስ ተጫዋቹ ያዛጋል፣ ሲበዛ የሚያስፈራ አውሬ ይጠፋና ጨዋታው ይሞታል፤ ለእያንዳንዱም የሚስማማው ነው የሚሰጠው። መጽሐፉ ያለው እሷ ጋ፣ የምታነበውም እሷ። መካኒኩ ደግሞ በመጣ ቁጥር ፓፓያ ይዞ ይመጣል። ፓፓያውን ሁላችንም በልተናል፤ የሚቀበለው ግን የማን እጅ እንደሆነ ልብ ብያለሁ።

ጥርጣሬው የእኔ ብቻም አልነበረም። ዘመኑ በር ገርበብ አድርጎ መሰብሰብ የሚያስጠይቅበት ነበርና፣ የሰፈራችን ጥበቃ፣ አንድ ሽማግሌ፣ እያለፉ አንገታቸውን ያስገቡ ነበር። «ዘንዶ» የምንለው ማንን እንደሆነ አንድ ቀን ጠይቀውኛል። ዘንዶ ነው ብላቸው አላመኑኝም፤ እኔም ብሆን አላምንም ነበር።

አንድ እሑድ ታዲያ ከዘንዶው ዋሻ ብዙ ምርኮ ሲገኝ አላስቻለኝም። እስካሁን የተገኘውም ተጨምሮ ቅርጫ ይሁን አልኩ። ቅርጫ እያየ ያደገ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። በሬው ይታረድና ሥጋው በመደብ በመደብ እኩል ይቀመጣል፤ በእያንዳንዱ መደብ ከጎድኑም ከጉበቱም ከጨጓራውም ይኖራል። ተካፋዮቹ አንዱ እንጨት፣ አንዱ ቅጠል ምልክት ይሰጣሉ፤ የማን ምልክት የትኛው እንደሆነ ያላየ ሰው በየመደቡ ላይ ይጥላል። ዕጣው ከወደቀ በኋላ ማጉረምረም ነውር ነው፤ መለዋወጥም በእኛ ቤት አይታሰብም።

ነጋዴዋ ወዲያው ደገፈችኝ፤ እነሱም ለበዓላቸው እንዲሁ ይካፈላሉ። «ሥጋችን ነው እንጂ የማይገናኝ፣ ዕጣችንማ አንድ ነው» አለች። መካኒኩ ሰይፉን እያሰበ አቀርቅሮ ተስማማ። መምህርቷ ሰይፍ ለደብተራ ምን እንደሚሠራለት ጠየቀችኝ፤ ዕጣ ያውቃል አልኳት።

የዕቃዎቹን ስም በቁርጥራጭ ወረቀት ጽፈን ሦስት መደብ አደረግን፤ በየመደቡ ከባዱም ቀላሉም እንዲኖር። ጧፉን ማንም ስላልፈለገው በእኔው እጅ ቀረ። ነጋዴዋ ብጣሽ ጨርቅ፣ መካኒኩ ከኪሱ የብሎን ዳዶ፣ እኔ የወረቀት ክሊፕ ሰጠን። ጣይ ሲታጣ እኒያን ጥበቃ ጠራኋቸው። ጠረጴዛው ሥር ሳይቀር ከተመለከቱ በኋላ ዕጣ መሆኑን ሲሰሙ ፊታቸው ተለወጠ፤ ከዘራቸውን ግድግዳ አስደግፈው፣ ምልክቶቹን ተቀብለው፣ እንደ ትልቅ ሰው በቁም ነገር ጣሉልን።

የእሳት ሰይፉ ለእኔ ደረሰ። ሰዉ «ላይችል አይሰጠው» ይላል፤ ዕጣ ግን ይህን ተረት አልሰማም። ማንበብ የማይችለው ጦረኛ የድግምት መጽሐፍ ደረሰው፤ ለሌባዋ በእያንዳንዱ እርምጃ የሚንኳኳ የብረት ጥሩር። በሳምንቱ የጅብ መንጋ ገጠመን። እኔ ሰይፉን ማንሣት አቅቶኝ እግሬ ላይ ጣልኩት፤ ሌባዋ ከሩቅ ተሰማች፤ ጦረኛው ጅቡን በመጽሐፍ ደበደበው። ያተረፈን የእኔው ጧፍ ነው፤ ጅብ ብርሃን ይፈራል። መምህርቷ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፤ እኛም አፍረን ሥልጣኑን መለስንላት። እኔ ግን ዓይን ዓይኗን ማየቴን አልተውኩም።

በዚያው ሰሞን ለነጋዴዋ፣ ይህ ነው የሚባል ነገር ሳትሠራ፣ ባሕር የሚያሻግር ጫማ ተገኘላት። ጨው በዛ አልኩ በሆዴ። ብዙም ሳይቆይ ነጋዴዋ ሱቋን ለእህቷ ትታ ወደ ጅዳ ሄደች። ስትሰናበተኝ «አብሽር፣ ኢንሻአላህ እመጣለሁ» አለችኝ። ቀጥሎ ለመካኒኩ ምንም የማይበሳው ጋሻ ተገኘለት። ይህን ጊዜ በቀጥታ ጠየቅሁት፤ አዳማ ሥራ አግኝቶ ሊሄድ ነው። ሁለቱም አስቀድመው የነገሩት ለመምህርቷ ነበር። ስታዳላ የመሰለኝ ለካ ስትሸኝ ኖሯል።

ሁለታችን ቀረን፤ ፓፓያውም ቀረ። ለእኔ ያኔ ከሳምንቱ ውስጥ የምጠብቀው ቀን እሑድ ብቻ ነበር፤ እንድትሄድብኝ አልፈልግም ነበር፤ ይህን አሁን በግልጽ እጽፈዋለሁ እንጂ ያኔ አልነገርኳትም። ምርኮ እንዳይሰጠኝ የምመኝ ሰው ሆንኩ። አውሬ በገደልኩ ቁጥር የመሸኛ ስጦታ እንዳይገኝልኝ እፈራለሁ። ዝገት የበላው ቢላዋ ሲገኝልኝ ደስ ይለኛል፤ የተሰበረ ገንቦ ሲገኝልኝ የበለጠ ደስ ይለኛል። እሷም ይህን ሳታውቅ አትቀርም፤ ወራት ሙሉ የረባ ነገር አላገኘሁም።

ከዚያ አንድ እሑድ፣ ጉም ሆጤን በሸፈነበት ቀን፣ አንዲት አይጥ ገደልኩ። አይጥ ናት፤ ዳይሱን ሁለተኛ መጣል እንኳ አላስፈለገም። ጎሬዋ ውስጥ የሚያብረቀርቅ ነገር እንዳለ መምህርቷ ነገረችኝ።

«ቀለበት ነው» አለች። «የተመኘኸውን ሁሉ የሚፈጽም።»

ዓይን ዓይኗን አየሁ። እሷ የምታየው ዳይሱን ነው። ከአይጥ ጎሬ እንዲህ ያለ ነገር ይገኛል ብሎ የትኛው ገጽ እንደሚል ጠየቅኳት፤ መጽሐፉን ከደነችው።

«መቼ ነው የምትሄጂው?»

«ዝውውሬ ተፈቀደ» አለች። «ሰኔ ላይ።»

እናቷ ጎንደር ብቻቸውን ነበሩና ዝውውሩን ስትጠይቅ መኖሯን አውቃለሁ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ አላለኝም። ቀለበቱን ባነሣ ምን እንደምመኝ ሁለታችንም እናውቅ ነበር፤ ያን የመፈጸም ሥልጣን ደግሞ መጽሐፉም ዳይሱም አልነበራቸውም። ደብተራዬ ጧፉን ወደ ጎሬው አስጠግቶ ቀለበቱን ካየ በኋላ ትቶት ሄደ አልኳት።

«ባታነሣውም እሄዳለሁ እኮ» አለች ቀስ ብላ።

«አውቃለሁ። ግን አላነሣውም።»

ሰኔ ላይ ሄደች። ቀለበቱ እስካሁን እዚያው አይጧ ጎሬ ውስጥ ነው።