ሽርጡን አልለብስም ያለችው ፋንቱ

ይቅርታ አድርጉልኝ። እኔ የምጽፍ ሰው አይደለሁም፤ ፊደል የቆጠርኩት ካደግኩ በኋላ በጎልማሶች ትምህርት ነው፣ አሁንም ረዘም ያለ ቃል ያደናግረኛል። ግን የፋንቱን ነገር የሚጽፍላት አጣሁ። እሷ እንደሁ ከስሟ በቀር አትጽፍም። አበባው እባላለሁ፣ ወልድያ ውስጥ ባለ አንድ የግል የከብት ክሊኒክ ጥበቃ ነኝ።

ፋንቱ ግራና ከምትባል ከተማ የመጣች ልጅ ናት። ሥራዋ ከብት መያዝ ነው። ሐኪሙ ሲወጉ፣ ቁስል ሲያጥቡ፣ ትይዛለች። የሚራገጥ በቅሎ እንኳ ጆሮውን ይዛ አንድ ነገር ስታንሾካሹክለት ቀጥ ይላል።

አምና የራጅ መሣሪያ መጣ። ያመጣው ባለሙያ ሁለት ቀን አስተማረን። ጨረሩ የሚወጣው ቁልፉ ሲጫን ብቻ ነው፣ ሲለቀቅ የለም አለን፤ ከብቱም ላይ አይቀርም። ሲጫን ግን ከብቱን መትቶ ወደ ጎን ይበተናል። አይታይም፣ አይሸትም፣ ጉዳቱ ግን በሰው ገላ ላይ ይጠራቀማል። ስለዚህ መራቅ ነው፤ መያዝ ግድ ከሆነ ጨረር የሚያግድ፣ እርሳስ የሚባል ከባድ ብረት ያለበት ሽርጥ መልበስ። እኔ ግማሹን ረሳሁ። ፋንቱ አንዷንም ቃል አልጣለችም።

ሽርጦቹ ሁለት ነበሩ። እዚህ ላይ ጥፋቱ የኔ ነው። ሥራ ሲያልቅ እንደ ጋቢ አራት አድርጌ አጥፌ ከፉርሽካ ጆንያ ሥር አስቀምጣቸው ነበር፣ አቧራ እንዳይነካቸው ብዬ። እርሳስ ሲታጠፍ እንደሚሰነጠቅ ያለኝ የለም፤ ወይ ባለሙያው ነግሮኝ ረስቼዋለሁ።

ባለፈው መጋቢት ጀብሪል የሚባሉ የመርሳ ገበሬ የምታነክስ በቅሎ ይዘው መጡ። ሐኪማችን ዶክተር ያሬድ «ፋንቱ፣ ልበሽና እግሯን ያዢ» አሉ።

እሷ ሽርጡን ዳሰስ ዳሰስ አደረገችና መልሳ አስቀመጠችው። ሌላውንም እንደዚያው።

«እነዚህ ተሰንጥቀዋል። አልለብስም፣ በቅሎዋንም አልይዝም።»

«ማን ነገረሽ?»

«እጄ። ካላመኑ ሽርጡን ራሱን ራጅ ያንሱት።»

«ፊደል ሳትቆጥሪ እኔን ልታስተምሪኝ?»

«ፊደሉ የርስዎ ይሁን ዶክተር፤ ገላው ግን የኔ ነው።»

ጀብሪል ሳቁ። «ተዋት ልጄ፣ እኔ እይዛለሁ። በቅሎዋ የኔው፣ እኔም ሸምግያለሁ፣ ምን ይቀርብኛል!»

«አባቴ፣ አንቱም አይይዙም» ብላ መሃል ገባች። «በቅሎ ሊያድኑ መጥተው ራስዎ ሊታመሙ ነው?»

«ወላሂ፣ ይቺስ ከበቅሎዬ ትብሳለች!»

ዶክተሩ በንዴት ሁላችንንም አስወጥተው ሽርጡን ዘርግተው ራጅ አነሱት። ተመልሰን ስንገባ ስክሪኑ ላይ፣ እኔ ባጠፍኩበት ሁሉ ጨረሩ ሾልኮ ያለፈበት ጥቁር መስመር ወጥቷል። መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። «እኔ ነኝ ያጠፍኩት» አልኩ፤ ድምፄ የተሰማ ግን አይመስለኝም።

ከዚያ በቅሎዋ የሚያረጋጋ መርፌ ተወጋች። ፋንቱ ከግንድ ጋር አሰረቻት፣ ምስሉን የሚቀበለውን የራጅ ሰሌዳ በእንጨት አስደግፋ ከእግሯ አጠገብ አቆመች፣ ሁላችንም ከግድግዳው ኋላ ሆነን ቁልፉ ተጫነ። ማንም ሳይይዛት ሰኮናዋ ውስጥ የተሰበረ ምስማር ታየ።

ጀብሪል ሲሄዱ ዶክተሩ ወደ ፋንቱ ዞሩ። «በባለ ከብት ፊት አዋረድሽኝ። ነገ እንዳላይሽ። አበባው፣ በር አትክፈትላት!»

ሁለት ልጆቿ በዚህ ሥራዋ ነው የሚያድሩት። «ምን አጥፍቼ?» አለች። እሳቸው ጀርባቸውን ሰጥተው ገቡ።

በማግስቱ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። ከፈትኩላት። ጋውኗን ለበሰች። ከሲሪንቃ የመጣ የታመመ በሬ ደጅ ቆሞ ነበር፤ ገመዱን ከባለቤቱ ተቀብላ ወደ ውስጥ ነዳችው፣ ቀንዱን ጨበጠችና ጮክ ብላ ተጣራች።

«ዶክተር! በሬው ይጠብቃል!»