የተቆጣው አንጎል ጠያቂዎች

ታናሽ ወንድሜ በኤሌክትሪክ ብስክሌት ወደ ሥራ ሲሄድ መኪና ገጭቶ በአናቱ የጣለው፣ እዚህ እስራኤል፣ የኔታንያ ከተማን የእግረኛ መንገድ ሁሉ እንዲህ ያለው ብስክሌት በሞላባቸው ዓመታት ነው። የራስ መከላከያ ቆብ አላደረገም ነበር። አሁንም ሳስበው እናደዳለሁ።

በማግስቱ ዘመድ ከኤይን ሀትኽሌት ሰፈርም ከጎረቤት ከተማ ከቃዲማ ዞራንም ወደ ሆስፒታል ጎረፈ። የእኛ ሰው በሽተኛ ሲጠይቅ ተራ አይጠብቅም። ነርሷ ዞር ስትል ክፍሉ ሞላ፤ አንዷ እግሩን ታሻለች፣ ሌላዋ ስሙን እየጠራች ታለቅሳለች። አልጋው አጠገብ ያለው መሣሪያ ጮኸ፤ የራስ ቅሉ ውስጥ ያለው ግፊት ጨምሮ ነበር። ሁላችንንም አስወጡን።

ሐኪሟ ለብቻዬ አስረዳችኝ። የአደጋው ምት አልፏል፤ አሁን የሚያሰጋው የአንጎሉ መቆጣት ነው። ሰውነት ቁስሉን እንዲያጸዱ የላካቸው ሕዋሳት በጊዜ ካልተበተኑ ጤነኛውንም ይጎዳሉ። አንጎል ሲያብጥ ደግሞ የራስ ቅል አይሰፋለትም።

«ታዲያ ቁጣውን የሚያበርድ መድኃኒት ስጡታ!»

«ይመራመሩበታል፤ የተረጋገጠ ግን ገና የለም። ጨርሶ ብናጠፋውም ቁስሉን የሚያጸዳ አይኖርም። አስተኝተነው፣ ግፊቱን እየተከታተልን እንቆያለን። ጸጥታ ያስፈልገዋል።»

እጅ አጣጥፎ መቀመጥ አልወድም። ወንበር ስቤ የክፍሉን በር ከውጭ ዘግቼ ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ የመጡት አጎቴ ነበሩ፤ ወንድሜን በሕፃንነቱ አዝለው ከኢትዮጵያ ሱዳን ያሻገሩት፣ የቤታችን ሽማግሌ።

«ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ ነው ልጄ። ዞር በይ።»

«አባባ፣ አይገቡም።»

«እኔን?»

«እርስዎንም።» ወንበሬን ወደ በሩ አስጠጋሁ። «ሞአሁ፣ አንጎሉ፣ ተቆጥቷል ብላለች ሮፋዋ፣ ሐኪሟ። ሊረዱት የመጡት ሕዋሳት በዝተው መፈናፈኛ አሳጡት። እኛም እንደዚያው ነን።»

ከዘራቸውን አንስተው ሄዱ። የተቀየሙኝ መስሎኝ አለቀስኩ፤ ወንበሩን ግን አልለቀቅኩም።

ወደ ማታ ውሃ ልጠጣ ስወርድ ግቢው ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ከማዕከላዊ ጣቢያው አውቶቡስ ይዞ የመጣውን ጠያቂ ሁሉ ከዘራቸውን ዘርግተው ያስቆማሉ። «ቁጣው እስኪበርድ ከዚህ ማለፍ የለም! እዚሁ ቁጭ በሉ።» ሰውም እያጉረመረመ ይቀመጣል። በየቀኑ እንዲሁ ሆነ።

እብጠቱ ቀስ በቀስ ጎደለ። ወንድሜ ነቅቶ ቃላት መሰብሰብ ሲችል የጠየቀኝ፣ «ማንም... አልጠየቀኝም?» ብሎ ነው። መጋረጃውን ገልጬ፣ ቀና አድርጌ ደግፌ ግቢውን አሳየሁት። እነሱም አዩትና ሁሉም ከአግዳሚው ተነሡ። እልል ልትል አፏን የከፈተችውን አክስቴን አጎቴ በእጃቸው አፏን ያዟት።

እንባውን ጠርጌለት ሮጬ ወረድኩ።

«አባባ፣ አሁን ይግቡ።»

«ሮፋዋ ፈቅዳለች?»

«ገና አልጠየቅኳትም።»

«እንግዲያው ጠይቀሽ ነይ» አሉና ተመልሰው ተቀመጡ።