ኦክስጅንና የእናቴ ቅቤ

ይህን የምጽፈው፣ እናቴ በሄድኩ ቁጥር የምትጠይቀኝን አንድ ጥያቄ በቃል መመለስ ስለተሳነኝ ነው። «ልጄን ከሥራው ያወጣው ቅቤዬ ነው ወይ?» ትለኛለች። ዘመድ ሁሉ «አይደለም» ይላታል፤ እሷም አታምንም። እኔ ግን «ነው» ለማለትም «አይደለም» ለማለትም አንደበቴ አልታዘዝ ብሎኛል። ስለዚህ የሆነውን እንደሆነው ላስቀምጠው።

ታላቅ ወንድሜ ቡሬ ውስጥ ኦክስጅን ይሞላ ነበር። የመሙያው ቤት የአንድ አዛውንት ሙስሊም ነጋዴ ነው፤ ከተማው «ሐጂ» ይላቸዋል። ትልልቆቹ ሲሊንደሮች በጭነት መኪና ይመጣሉ፤ ወንድሜ በመዳብ ቧንቧ እያገናኘ ወደ ትንንሾቹ ይገለብጣል፤ ትንንሾቹን ከቡሬ እስከ ደምበጫ ያሉ በያጆች ይወስዷቸዋል። ሥራው ለሚያየው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ታምቆ የሚወጣ ኦክስጅን ዘይት ወይም ስብ ካገኘ ያለ ክብሪት ይነድዳል። ወንድሜ ይህን ስለሚያውቅ በገበያ ቀን ቅቤ ሻጮች ከበሩ ጥላ ሥር እንዲያርፉ እንኳ አይፈቅድም ነበር።

«እናቶቼ፣ አትቀየሙኝ፤ የናንተ ዕቃና የኔ ዕቃ ጠበኞች ናቸው» ይላቸዋል።

«ቅቤ የሚጠላስ የማን ወልዶ ጣይ ልጅ ነው!» እያሉ ቅላቸውን አንሥተው ይሄዳሉ።

አንድ ዓመት የንግድ ፈቃድ የሚታደስበት ወቅት ሲቃረብ፣ የታመቀ ጋዝ የሚሞላ ሰው ሁሉ የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ሊኖረው እንደሚገባ ለሐጂ ተነገራቸው። ማረጋገጫ ያለው ሠራተኛ ከሌለ ፈቃዱ አይታደስም። ምዘናው ፍኖተ ሰላም ይሰጣል፤ የወደቀ የሚቀጥለውን ዙር ይጠብቃል፤ የሚቀጥለው ዙር መቼ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ሐጂ ወንድሜን አስቀምጠው፣ «ልጄ፣ እኔ አርጅቻለሁ፤ ሌላ ሰው ፈልጌ አላሠለጥንም። አንተ ካለፍክ ቤቱ ይቀጥላል፤ ካላለፍክ ዕቃውን ሸጬ አርፋለሁ» አሉት። የተናገሩት በቁጣ አልነበረም፤ በድካም ነበር። እንዲህ ዓይነቱ ንግግር ከቁጣ ይልቅ ይከብዳል።

እኔ ያን ጊዜ ትምህርቴን ጨርሼ ሥራ ፈላጊ ነበርኩና አስጠኚው አደረገኝ። እኔ እጠይቃለሁ፤ እሱ ሲሊንደር እያንከባለለ ይመልሳል። አንገቱ ላይ የተመታው የፍተሻ ጊዜ ያለፈበትን ሲሊንደር አለመሙላት፤ ቀለሙ ያጠራጠረውን መመለስ፤ ቫልቩን ቀስ ብሎ መክፈት፤ መለኪያው ከተፈቀደው ልክ እንዳያልፍ ዓይንን አለመንቀል። እጅ፣ ልብስና ጠጉር ከማናቸውም ቅባት የጸዱ ይሁኑ የሚለውን አንቀጽ ሳነብለት ሳቀ። «ሊቁ፣ ይኼን እኮ ማንበብ ያለብህ ለቅቤ ሻጮቹ ነው» አለኝ።

ከምዘናው በፊት ባለው ቀን፣ ምርቃት ሊቀበል ወደ ገጠር፣ ከገበዝ ማርያም ወዲያ ወዳለው ቤታችን ወጣ። እኔ ቀድሜ ፍኖተ ሰላም ገብቼ ጠበቅሁት። በማግስቱ ጠዋት ከመኪና ሲወርድ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ደፍቷል። ገና ሳልስመው ሽታው ደረሰኝ።

«ወንድምዓለም፣ ምንድነው ይኼ?»

«እማዬ ናት።»

በኛ ቤት ልጅ ለትልቅ ጉዳይ ሲወጣ እናት አናቱን ለጋ ቅቤ ትቀባለች። «እንደ ቅቤ ከላይ ያንሳፍፍህ» ብላ ትመርቃለች። ለእኔም ለመጀመሪያው ትልቅ ፈተናዬ አድርጋልኛለች።

«አንቀጹን ረሳኸው?»

«አልረሳሁትም። ቅቤውን በመዳፏ ይዛ ቆማ እያለች ምን ልበላት? ምርቃትሽን አንሺልኝ ልበላት? ደግሞ አናቴ ላይ ነው፤ በእጄ አልነካውም።»

 

በቀጥታ ወደ ፀጉር አስተካካይ ሄድን። አስተካካዩ ማሽኑን አንሥቶ ሽታው ሲደርሰው፣ «ሙሽራ ነህ እንዴ? ሚዜውስ ይኼ የተኮሳተረው ነው?» አለ። ራሱን ሙልጭ አድርጎ ላጨው፤ በልብስ ሳሙና ሁለት ጊዜ አጠብነው። የሸሚዙ ኮሌታ ቅቤ ጠጥቶ ስለነበር የእኔን ሸሚዝ ለበሰ። ጠበበው። በባጃጅ ደረስን፤ ሰዓት አላለፈብንም። በዚያች ሰዓት ተስፋ እንዳደረግሁ አልክድም።

የጽሑፉን ፈተና ቶሎ ጨርሶ ወጣ። የተግባሩን የምትመዝነው ሴት ወጣት ብትሆንም ነገረ ሥራዋ የተረጋጋ ነበር። እኛ አጃቢዎች ከሽቦው አጥር ውጭ ቆመን እናያለን። ወንድሜ የፍተሻውን ጊዜ አነበበ፤ ቫልቩን መረመረ፤ ቧንቧውን አገናኘ። ፀሐይዋ በተላጨው ራሱ ላይ በርትታለች። ቫልቩን ሊከፍት ጎንበስ ሲል ላብ ወደ ዓይኑ ወረደበት፤ እሱም ሁልጊዜ እንደሚያደርገው ግንባሩንና ማጅራቱን በመዳፉ ጠረገ፤ እጁንም ወደ ቫልቩ ሰደደ።

«ቆይ፣ ወንድሜ» አለች።

ከመዝገቧ ነጭ ወረቀት ቀድዳ መዳፉ ላይ ለጠፈች፤ አላቃም ወደ ብርሃን አነሣችው። ወረቀቱ ቅባት ጠጥቶ በመሐሉ ጣቶቿን አሳልፎ አሳየ። ቅቤው ከጆሮው ጀርባና ከማጅራቱ ላይ ገና አልለቀቀም ነበር።

«ቅቤ ነው?»

«ቅቤ ነው፣ እመቤቴ። የእናቴ ምርቃት ነው።»

ወረቀቱን አጥፋ መዝገቧ ውስጥ ከተተችው። ከዚያም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «የኔም እናት ትቀባኛለች። ግን ይኼ ሙሉ ሲሊንደር ቢሆን ኖሮ፣ አሁን እናትህን የምናጽናናው እኛ ነበርን» አለችው። ለምዘና የቀረበው ሲሊንደር ባዶ ነበር።

ከስሙ ትይዩ «ገና ያልበቃ» ተብሎ ተጻፈ። ልትወቀስ አይገባትም፤ እኔ በቦታዋ ብሆን ሌላ ልጽፍ አልችልም። ከአጥሩ ውጭ የቆሙት ተመዛኞች ግን ጉዳዩን ሲሰሙ፣ «የሠርግህ ጠላ እንኩሮ ሲጠነሰስ ጥሩን፣ ሙሽራው!» እያሉ ሳቁ። ወንድሜ አልተቆጣም። እኔን አይቶ፣ «ሸሚዝህን ላውልቅልህ፤ አንቆኛል» ብቻ አለ።

የሐጂ ፈቃድ አልታደሰም። ሐጂ የሚችሉትን ያህል ጠበቁ፤ ከዚያ በኋላ የአዲሱ ዙር ወሬ ሳይሰማ፣ ከሩቅ የመጣ ነጋዴ ሲሊንደሮቹን ጭኖ ወሰዳቸው። ሲጫኑ ወንድሜ አንድ በአንድ ቫልቫቸውን በደረቅ ጨርቅ እየጠረገ ያቀብል ነበር።

ዘግይቶ ቀጣዩ ዙር ሲጠራ ወንድሜ ተመልሶ ተመዘነ። ያን ጊዜ እናቴ ሁለት እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ሸሽጋ፣ ከደጃፍ ሳትጠጋው፣ «እግዜር ያቅናልህ» ብቻ አለችው። «ብቁ» ተባለ። ማረጋገጫው አሁን ከገጠሩ ቤታችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ባለቤቱ ግን ከአባታችን መሬት ላይ ድንች ይኮተኩታል። በአካባቢው የሚሞላ ሲሊንደር የለም። በያጆቹም ኦክስጅን ከሩቅ ያስመጣሉ።

እናቴ ሆይ፣ የጣለው ቅቤሽ ነው፤ ቤቱን የዘጋው ግን ቅቤሽ ብቻ አይደለም። ሕጉም ልክ ነበር፤ አንቺም ልክ ነበርሽ። ከዚህ የተሻለ መልስ ፈልጌ ደከመኝ።

የጠፋው ይህ ነው፦

ሲሊንደር፣ ሠላሳ አንድ።

የመዳብ ቧንቧ፣ ሁለት።

ሥራ፣ አንድ።

የእናት እጅ በልጅ አናት ላይ፣ አንድ።