የአማቴ ምርቃት

ባለቤቴ ለማ ከሞተ ወዲህ ቴሌቪዥኑን የምከፍተው ለማየት ብዬ አይደለም፤ ቤቱ ውስጥ የሰው ድምፅ እንዲኖር ነው። ባለፈው ሳምንት ጀርባዬን ሰጥቼው ሽሮ ሳማስል፣ ከአንድ ከተማ የተላለፈ ዜና ሰማሁ። ነዋሪዎች በአካባቢያቸው የመሬት አጠቃቀም ላይ ተወያዩ፣ የአገር ሽማግሌዎችም መርቀው ተቀበሉት ይላል። ዞር ስል የማላውቃቸው ሽማግሌ ሁለት እጃቸውን ዘርግተዋል፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። የሚሰማው ግን የዜና አንባቢው ድምፅ ነው። ማማሰያውን እንደያዝኩ ሄጄ አጠፋሁት። ሽሮው አረረ። ይረር።

በሐዘን ላይ ንዴት አይጨመርም ይሉኛል። እኔ ሁለቱን መለየት ካቃተኝ ቆይቷል። ስለዚህ ቀስ እያልኩ፣ ሲደክመኝ እየተውኩ፣ ያን ነገር ልጻፈው።

ያን ጊዜ ገና ሙሽራ ነበርኩ። ያደግኩት አዲስ አበባ፣ ከእንጦጦ ግርጌ ነው፤ ከተራራው ማዶ ያለው ሱሉልታ ለእኛ ቤት ብርድና ወተት ማለት ብቻ ነበር። ለማ እዚያው ተወልዶ እዚያው መምህር የሆነ ሰው ነው። ስንጋባ አባቱ ኦቦ ዳባ ከግቢያቸው ሁለት ክፍል ቤት ለቀቁልን። ከግቢው ጀርባ የሣር መስካቸው ይጀምርና እስከ ወንዙ ድረስ ይወርዳል። ክረምት ውሃ ይተኛበታል። መስቀል ካለፈ በኋላ ግን ሣሩ ወገቤ ድረስ ይደርሳል፤ ሲታጨድ የሚወጣው ሽታ ልብስ ላይ አድሮ ጠዋት ነጠላዬ ላይ አገኘው ነበር። ድርቆሹ የላሞቹ የዓመት ቀለብ ነው፤ ላሞቹ ደግሞ የእኛ።

አማቴ ብዙ አይናገሩም። ሰርግ ቢሆን፣ እርቅ ቢሆን፣ መንገደኛ ቢሸኝ፣ የሚመርቁት ግን እሳቸው ናቸው። ተነስተው እጃቸውን ይዘረጉና በኦሮምኛ አንድ በአንድ ያወርዱታል፤ ሰዉ በየመሃሉ «ሃ ታኡ» ይላል፣ ይሁን ማለት ነው። ኦሮምኛዬ ገና እየተንገዳገደ እንኳ ይህችን ቃል ከሁሉ አስቀድሜ ይዣት ነበር።

ሰፈሩ ማዘጋጃ ቤቱን መንገድና ውሃ ሲለምን ዓመታት አልፈዋል። በክረምት ምጥ የያዛት ሴት አስፋልት የምትደርሰው በቃሬዛ፣ ጭቃውን በሰው ትከሻ አቋርጣ ነው። ለማና ጓደኞቹ ተመላልሰው የሚያገኙት መልስ «ፕላኑ ይጠበቅ» ብቻ ነበር። በጥቅምት «ለልማት ጥያቄያችሁ መልስ ይሰጣል» ተብሎ ስብሰባ ሲጠራ ታዲያ፣ አጨዳ ደርሶ ሳለ፣ ሰዉ ሁሉ ማጭዱን ጥሎ መጣ።

የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሞላ። ፊት ለፊት ሹማምንት ተቀምጠዋል፤ ከኋላቸው ግድግዳው ላይ አንድ ትልቅ ነገር በጨርቅ ተሸፍኗል። ስብሰባውን የሚመራው ወጣት ሹም ጎንበስ ብሎ አማቴን በምርቃት እንዲከፍቱ ለመናቸው። እንግዳ ምርቃት ጠይቆ አይከለከልም። ተነሱና ክረምቱ የሰላም፣ በጋው የሰላም ይሁን፣ የተጣላ ይታረቅ፣ የወለደች ልጇን ትሳም፣ እንግዳው በሰላም ገብቶ በሰላም ይውጣ አሉ። አዳራሹ በሙሉ «ሃ ታኡ» አለ። ካሜራ የያዘ ሰው ፊታቸው ተንበርክኮ ነበር።

ጨርቁ የተገለጠው ከዚያ በኋላ ነው።

ካርታ ነበር። ሹሙ ስለ ማስተር ፕላን፣ አዲስ አበባና በዙሪያዋ ያሉት ከተሞች አብረው ስለሚያድጉበት መንገድ ብዙ ተናገረ። አማቴ የእሳቸው መስክ የት ላይ እንደሆነ ጠየቁ። የሹሙ እስክሪብቶ ካርታው ላይ ዞረና አንድ ቦታ አረፈ። እዚያ ሰፊ መንገድና ፎቅ ቤቶች ተስለዋል። እኛ የለመንነው ቃሬዛ የሚቀርልንን መንገድ ነበር፤ የመጣልን እኛን ጠርጎ የሚያልፍ ነው። ሰዉ ማጉረምረም ሲጀምር፣ ሰዓት ሄዷል፣ ጥያቄያችሁ ተይዟል ተባለና ስብሰባው ተዘጋ።

በማግስቱ ምሽት አስፋልቱ ዳር ባለው የሰዒድ ሱቅ፣ ሰፈሩ ሁሉ ዜናውን አየ። የአማቴ እጆች ከፍ ብለው፣ ድምፃቸው ተቆርጦ፣ የአገር ሽማግሌዎች ፕላኑን መርቀው ተቀበሉት ተባለ።

በዚያው ሳምንት የአጨዳው ተራ የእኛ ነበር። አማቴ ለሁሉም በደቦ ያጨዱ ሰው ናቸው። የለማ እናት አዴ ጫልቱ ጠላውን ጠምቀው፣ የስንዴና የባቄላ ንፍሮውን በትልቁ ድስት ቀቅለው ጠበቁ። ጤዛው ደረቀ። ማንም አልመጣም። ጎረቤታችን ቶሎሳ፣ የአማቴ የልጅነት ጓደኛ፣ ማጭዱን ትከሻው ላይ ሰቅሎ በአጥሩ ሲያልፍ ቆም አለ።

«ዳባ፣ ቴሌቪዥን ላይ አምሮብሃል» አለ። «የመረቅካቸው መጥተው ይጨዱልሃ።»

አማቴ ጎንበስ ብለው ማጨድ ጀመሩ። እኔም ማጭድ ይዤ የማላውቀው፣ ከለማ ጎን ገባሁ፤ እጄ ውሃ ቋጠረ፣ ፈረጠ፣ እንደገና ቋጠረ። ግማሹን ሳንሰበስብ ያልታሰበ ዝናብ ወረደበት። ንፍሮውን ዶሮዎች በሉት። የበሰበሰ ድርቆሽ ሽታ እስከ ዛሬ አፍንጫዬን ለቆ አልሄደም።

ለማ ዜናው እንዲታረም ወደ ከተማ፣ ወደ ቴሌቪዥን ጣቢያው ሄደ። በር ላይ ብዙ ካቆሙት በኋላ አንድ ሰው አነጋገረው። ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሎ፣ የተባለውን እንዳለ ነገረኝ።

«አባትህ መርቀዋል ወይስ አልመረቁም?»

«መርቀዋል፤ ግን...»

«እና ምን ዋሸን?»

ኅዳር ላይ ተማሪዎች ፕላኑን ተቃውመው ወጡ። መንገዱ በድንጋይ ተዘጋ። ከቡራዩም ከሰበታም የሚመጣው ወሬ አንድ ነበር፤ ተኩስ፣ እስር፣ ለቅሶ። ለማ ባዶ ወንበሮች አስተምሮ ይመለሳል። ወዲያው ደግሞ «ለማረጋጋት» ተብሎ ሁለተኛ ስብሰባ ተጠራ። ያው አዳራሽ፣ ያው ወጣት ሹም፣ ያው ካሜራ። ሹሙ ጎንበስ ብሎ አማቴን እንደገና ምርቃት ሲጠይቅ፣ ሰዉ ሁሉ ወደ እኛ ዞረ። ቢመርቁ ከጎረቤት ጋር ያላቸው ነገር ያበቃል፤ እምቢ ቢሉ በዚያ ሰሞን እምቢተኛ የት እንደሚወሰድ እናውቃለን። ለማ እጄን ጨብጦ ነበር፤ ያመኝ ነበር።

አማቴ ተነሱ። ሁለት እጃቸውን ከዘራቸው ላይ አደረጉ። እንግዶቹ ያለ አስተርጓሚ እንዲሰሙ፣ በአማርኛ ተናገሩ።

«የሚመረቅ መንገደኛ ነው። ባለፈው እንግዳ ናችሁ፣ ትሄዳላችሁ ብዬ መረቅኳችሁ። ካርታው ላይ ሳየው የምሄደው እኔ ነኝ። እንግዲህ ባለቤቶቹ እናንተ ከሆናችሁ፣ ተነሱና እኔን መርቁኝ።»

ወጣቱ ሹም ፈገግ ለማለት ሞከረ። «አባታችን፣ እኛ እርስዎን ለመመረቅ ዕድሜያችን መች ደርሶ።»

«ለማስወጣት ደርሳችኋል» አሉና ተቀመጡ።

መጀመሪያ የሳቀው ቶሎሳ ነው። ከዚያ አዳራሹ ሁሉ ሳቀ፤ የደስታ ሳቅ ግን አልነበረም። ቶሎሳ በማግስቱ ድርቆሽ የጫኑ ሁለት አህዮች እየነዳ መጥቶ በራችን ላይ አራገፈ። ይቅርታ አላለም። «ላሞቹ ምን አጠፉ?» አለና ሄደ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ዛሬ በሳቅ አወራው ነበር። በዚያው ምሽት ሁላችንም ሰዒድ ሱቅ ቆመን ዜናውን ጠበቅን። የአማቴ እጆች ወደ ላይ ተዘርግተው ታዩ፤ የጥቅምቱ ምስል ነው። ሽማግሌዎች ለሰላምና ለልማት በድጋሚ መረቁ ተባለ። ቶሎሳ ተሳደበ። ሰዉ አማቴን ከብቦ፣ እኛ እያለን ማን ያምናል ብሎ አጽናናቸው።

«እናንተማ አያችሁኝ» አሉ። «ያላየኝ አገር ስንት ነው?»

ማስተር ፕላኑ ቀረ ተባለ። ሰዉ ጨፈረ፤ የሞቱትን ያስነሣ ይመስል። መስኩ ግን አልቀረልንም። በሌላ ስም፣ በሌላ ውሳኔ፣ ከወንዙ በኩል እየተቆረሰ ሄደ። ካርታውን አወረዱት እንጂ እስክሪብቶውን ማንም አልተቀበላቸውም።

አማቴ ከዚያ በኋላ መመረቅ ተዉ። ሰርግ ይጠራሉ፣ ይሄዳሉ፣ በልተው ዝም ብለው ይመለሳሉ። ልጃችን ሲወለድ ለማ ጉልበታቸው ላይ አስቀመጠውና «አባ፣ ለልጅ ልጅዎ እንኳ» ብሎ ለመናቸው። ግንባሩን ሳሙት። እጃቸው ግን ከሕፃኑ ሥር አልወጣም።

«እጄን ባነሣ ማን ምን እንደሚያደርግበት አላውቅም» አሉ። እንደዚያው እንዳሉ ሞቱ።

ለማ ታሞ በተኛበት ወራት እንኳ «ምን ዋሸን አሉኝ እኮ» ይለኝ ነበር፤ ትናንት የተባለ ይመስል። መልስ ሳይሰጥ መመለሱ ከበሽታው በላይ ይቆጠቁጠው ነበር። መልሱ ይኸው ነው፦ ሰውየው የመረቁት በበራቸው የገባን እንግዳ ነው፤ እናንተ ግን ምርቃቱን የራሳቸው መባረሪያ ላይ ለጠፋችሁት። ከዚህ የባሰ ውሸት ካለ እኔ አላውቅም። ለማ ይህን ሳይሰማ ሄደ፤ የተናገረው ሰውዬ ግን ምናልባት ዛሬም ምሳውን በልቶ ዜናውን እያሰናዳ ነው።

ለተወሰደ መሬት ካሳ ይገመታል። አነሰም በዛ ስም አለው፤ የሚከራከሩበት በር አለው። የአንድ አገር መራቂ አፍ ሲዘጋ ግን የትኛው መሥሪያ ቤት ነው አቤቱታ የሚቀበለው? በዚያ ሰፈር ስንት ሙሽራ፣ ስንት መንገደኛ ሳይመረቅ እንደወጣ የሚቆጥረው የለም። የእኔም ልጅ አንዱ ነው።

ነገ ፈተና ይቀመጣል። አባቱ ቢኖር እሱ ይመርቀው ነበር። በአያቱ ኦሮምኛ፣ አሁንም በሚንገዳገደው አንደበቴ፣ የምመርቀው እኔ ነኝ። እጄን አነሣለሁ። በሩን ግን አስቀድሜ እዘጋለሁ።