ሁለት ያበጡ ጉንጮች

አባቴና ታላቅ ወንድሙ የተኳረፉት በባሕር ዛፍ ነው። አጎቴ ለንግድ ቤሌ ከተማ ገብቶ ቢኖርም፣ ከአያቴ የደረሰው መሬት ቦዲቲ አጠገብ ከእኛ ጋር ይዋሰናል። ድንበሩ ላይ የተከለው ዛፍ እንሰታችን ላይ ጥላ ጣለ። "ይቆረጥ"፣ "አይቆረጥም" ሲባባሉ ቆይተው ጭራሽ መነጋገር ተዉ። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ደጋግመው ቢመጡም አልሆነላቸውም።

ኢሕአዴግ ከገባ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው፤ እኔ ቦዲቲ አስተምር ነበር። አንድ ማለዳ አባቴ ግራ ጉንጩ እንደ ዳቦ ተነፍቶ ተነሳ። ፊቱን በፎጣ ጠቅልዬ አውቶቡስ አሳፈርኩትና ሶዶ፣ ጥርስ የሚነቅሉበት ክሊኒክ ወሰድኩት።

መጠበቂያው አግዳሚ ላይ ቀኝ ጉንጩ ያበጠ ሰውዬ ፊቱን በሴት ሻሽ አስሮ ተቀምጧል። አጎቴ ነው! ሻሹ የሚስቱ ነው፤ እሷም አጠገቡ ናት። አባቴ አይቶት ሊመለስ ዞር ሲል ሕመሙ ቀስፎ ያዘውና አግዳሚው ጫፍ ላይ ቁጭ አለ። የአጎቴ ሚስትና እኔ ተያየንና ቶሎ ፊታችንን አዞርን፤ ሳቅ እያመለጠን ነበር።

ነርሷ ካርድ ይዛ ብቅ አለች። ጽሑፉ አልነበብ ብሏት የአባት ስም ብቻ ጠራች። የአያቴ ስም ነዋ! ሁለቱም ብድግ አሉ።

"መንታ ናችሁ እንዴ?" አለች።

አባቴ አፉን ሳይከፍት በወላይትኛ፣ "ታላቅ ነህ፣ ግባ" አለ።

"ያንተ ይብሳል። አንተ ግባ።"

"ኧረ በሞቴ!"

ነርሷ ወላይትኛ ባትሰማም ነገሩ ገብቷት፣ "አባቶቼ፣ የምንነቅለው ጥርስ ነው፤ ግብዣ አስመሰላችሁት እኮ" አለች።

በመጨረሻ አጎቴ ቀደመ፣ አባቴ ተከተለ። ሐኪሙ ሁለቱንም ጥጥ አስነክሶ፣ "እስከ ነገ መናገር የለም" ሲላቸው የአጎቴ ሚስት አላስቻላትም።

"ዶክተር፣ ስንት ዘመን ተዘጋግተው ኖረው ዛሬ ገና አፍ ቢፈቱ ይከለክሏቸዋል?"

አጎቴ መሳቅ ጀመረ። አባቴም ተከተለው። ሁለቱም ጉንጫቸውን ይዘው እያቃሰቱ ሳቁ፤ እንባቸው ፈሰሰ። የሕመሙ ይሁን የሌላ ነገር፣ አልጠየቅኳቸውም።

መናኸሪያ ስንደርስ የቤሌው አውቶቡስ ሄዷል። አባቴ የወንድሙን ቦርሳ አንስቶ ወደ ቦዲቲው አውቶቡስ ሄደ። አጎቴና ሚስቱም ተከተሉት። ወንድማማቾቹ መንገዱን ሙሉ ትከሻ ለትከሻ ተደግፈው ዝም አሉ፤ ያ ዝምታ ግን የድሮው ዓይነት አልነበረም።

በማግስቱ ስለ ዛፉ ያወራሉ ብዬ ጓጉቼ ወደ ሳሎን ብገባ፣ ለብ ያለ ወተት እየጠጡ የማን ጥርስ ሥሩ እንደሚረዝም ይከራከራሉ።