አህያዬን ከአሞራ የደበቅሁ ዕለት

ሽማግሌዎች ልጄን ለትዳር ሊጠይቁ ከገረሴ ሊመጡ አንድ ቀን ሲቀራቸው አህያዬ ሞተች። ከጓሮ፣ ከአጥሩ ሥር፣ ማንንም ሳታስቸግር ተኝታ ቀረች። ያስቸገረችን ከሞተች በኋላ ነው።

መጀመሪያ ልቀብራት ቆፈርኩ። የሰፈራችን መሬት ድንጋይ ነው፤ ጉድጓዱ ጉልበቴ ሳይደርስ ወገቤ እምቢ አለ። ከከተማ አውጥቼ እንዳልጥላት፣ ጋሪ አለኝ፤ ጋሪውን የምትጎትተው ግን እሷው ራሷ ነበረች።

«አባባ፣ እዚያው ይተዉአት» አለች ልጄ። «ጥንብ አንሳዎቹ ነገ ይጨርሷታል።»

ዩኒቨርሲቲ የተማረችው ስለ እንስሳት ነው፤ አሁን በየቀበሌው እየዞረች ስለ አሞራ ጥበቃ ታስተምራለች። እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፤ ማንበብ የለመድኩት ስኳር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ነው። ልጆቼን ያሳደግሁት ግን በምክር ነው። «እንደ ጥንብ አንሳ ሌላው የገደለውን አትጠብቁ» እላቸው ነበር። የወፉ ራስ መመለጡ የበሽታ፣ ጣሪያ ላይ ማረፉ የሞት ምልክት ይመስለኝ ነበር። ታዲያ ሽማግሌ በሚመጣበት ቀን ይህን ወፍ ቤቴ ላይ ላሳርፍ?

«ራሱ የተመለጠው እኮ ደም እንዳይይዝበት ነው፤ ንጽሕና ነው» አለች።

«ስለ ንጽሕና እኔን ልታስተምሪኝ?»

አሞራዎቹ መጥተው ከበሉም እንዳይለምዱ ብዬ የአይጥ መርዝ ላመጣ ስነሣ በሩ ላይ ቆመች።

«መርዝ ካደረጉባት፣ ነገ ሽማግሌዎቹን ራሴ ወጥቼ እመልሳቸዋለሁ።»

ሽማግሌ የላከውን ልጅ እንደምትወደው አውቃለሁ። ሆኖም ካለች ታደርገዋለች፤ ግትርነቷን ከማን እንደወረሰች እናቷ በየቀኑ ትነግረኛለች። መርዙን ተውኩና በሌላ ዘዴ ገባሁበት። አሞራ ጥንብ የሚያገኘው በአፍንጫው ነው ብዬ አህያዋ ላይ አመድ ነሰነስኩ፤ በአመዱ ላይ የሙዝ ቅጠል ደራረብኩ። በማግሥቱ እስከ ቀትር አንድም አሞራ አልመጣም።

«አየሽ? አፍንጫቸውን ዘጋሁት!» አልኩ።

ልጄ የራሷን አፍንጫ በነጠላ ዘጋች።

ስምንት ሰዓት ላይ አራት ሽማግሌዎች መጡ። እንደ ወጉ መልስ ሳያገኙ አይቀመጡምና ደጃፉ ላይ ቆሙ። ፀሐዩ የአርባ ምንጭ ፀሐይ ነው፤ ነፋሱ ደግሞ ከጓሮ ነበር። አንደኛው ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ሌላው የጫማቸውን ሶል ገልብጠው አዩ። ሁለቱ ተንሾካሹከው ወደ አጥሩ በር አንድ እርምጃ አፈገፈጉ። ልጄ በመስኮት ታያለች፤ ፊቷ አመድ መስሏል።

ትልቁ ሽማግሌ «ጌታው፣ የመጣነው ለልመና ነበር» አሉ። «ግን ቤትዎ ያልተነሣ ሬሳ አለ እንዴ?»

ሚስቴ «የፍሳሹ ሽታ ነው» ልትል አፏን ስትከፍት ቀደምኳት። ውሸት አልወድም፤ ብንዋሽም የሚያምነን አልነበረም።

«አለ። አህያዬ ናት። ከአሞራ ደብቄያት ነው።»

«ከአሞራስ ደበቋት፤ ከእኛ ማን ይደብቃት?»

ልጄ ወጣች። «አባባ፣ ጥንብ አንሳ የሚፈልገው በዓይኑ ነው። ቅጠሉን እናንሣው።»

አነሣነው። ሰማዩ ባዶ ነበር። «በሉ ይጥሯቸው!» ብለው ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ብዙም ሳይቆይ በአባያ ሐይቅ በኩል አንድ ጥቁር ነጥብ ዞረ፤ ከዚያ አምስት፤ ከዚያ መቁጠር ተውኩ። ወርደው እንደ ዕድር ስብሰባ እየተነታረኩ ሥራቸውን ጀመሩ። ተራ የሚጠብቁት ጣሪያዬ ላይ ተደረደሩ። ማንም አልሞተም።

ትልቁ ሽማግሌ ሳቃቸውን አቆሙ። «እኛ ጋ ከጠፉ ቆዩ። ሰዉ ለጅብ ብሎ ጥንብ ላይ መርዝ ያደርጋል፤ አንድ ጅብ ሲሞት እነሱ በመንጋ ያልቃሉ። አሁን ጥንቡ ለውሻ ቀረ፤ ውሻውም በዝቶ ሰው ይነክሳል።»

«እኔም ትናንት መርዝ ላደርግ ነበር» አልኩ። «ያስቆመችኝ እሷ ናት።»

«እንግዲያው ልመናችን ሁለት ሆነ» አሉ። «አንደኛው የመጣንበት ነው። ሁለተኛው፣ አገራችን መጥታ የመርዙን ነገር ለሰዉ ትንገርልን።»

የልጅን ትዳር የሚወስነው አባት ነው እያልኩ የኖርኩ ሰው ነኝ። በሁለት ቀን ይህን ያህል ከተሳሳትኩ በኋላ ግን ለመወሰን ድፍረቱን አጣሁ። «እሷን ጠይቋት» አልኩ። ስለ ትሕትና አንድ አጭር ምክር ልጨምር ጉሮሮዬን ስጠርግ፣ ልጄ ለሁለቱም «እሺ» ብላ ሽማግሌዎቹን ነፋስ ወደማይደርስበት ጎን ወስዳ አስቀመጠቻቸው።