በየቤቱ መያዣ የቀሩ ዕቃዎች

ፍሪጅ ብርድ አይሠራም። የሰፈሩ ፍሪጅ ጠጋኝ ይህን ለደንበኞቹ ሁሉ፣ ሲጠየቅም ሳይጠየቅም ያስረዳ ነበር። የፍሪጅ ሥራ ከውስጥ ያለውን ሙቀት ተሸክሞ ወደ ውጭ መጣል ነው፤ ጋዙ በቱቦ እየዞረ ሙቀቱን ከውስጥ ይቀበላል፣ ከጀርባ ያራግፋል። ሞተሩ ደግሞ ሠርቶ ማረፍ አለበት። በሩ በየደቂቃው ከተከፈተ ሳያርፍ ሲደክም ይውልና አንድ ቀን ይቃጠላል።

«ያንተስ በር መቼ ነው የሚዘጋው?» ትለው ነበር ሚስቱ፣ ምሳውን አቋርጦ ስልክ ሲያነሳ።

ሰውየው እምቢ ማለት አያውቅም። ስልክ በጠራ ቁጥር «መጣሁ» ይላል፤ የያዘውን ግን ገና አልጨረሰም። ለዚህ አንድ ብልሃት ፈጥሯል፤ ብልሃቱም ቀረብ ብሎ ሊታይ ይገባዋል። ትቶት የሚሄደው ደንበኛ እንዳይቀየመው ከቦርሳው አንድ ዕቃ ያወጣና ፍሪጁ ላይ ያስቀምጣል። «ያለዚህ መሥራት ስለማልችል መመለሴ አይቀርም» ይላል። ደንበኛው ዕቃውን ያያል፣ ልቡም ያርፋል። ቀጣዩ ቤትም እንዲሁ። ስሌቱ እንከን አይወጣለትም፤ ችግሩ ያለዚያ ዕቃ በእርግጥም መሥራት አለመቻሉ ብቻ ነው።

ሰኞ ጠዋት እትዬ ቤት ገባ። እትዬ፣ ሰፈሩ ሁሉ እንዲያ ነው የሚጠራቸው፣ አጠገባቸው ላለው መዋዕለ ሕፃናት በየጠዋቱ ወተት ያቀርባሉ። የፍሪጃቸውን ጀርባ ፈታ፣ ስልኩ ጠራ፣ ፒንሳውን አስቀመጠላቸው።

«እስከ ምሳ መጥቼ እጨርሰዋለሁ፤ ወተቱን ይቀበሉ» አላቸው። እሳቸውም አምነው ሠላሳ ሊትር ተቀበሉ።

የተመለሰው ማክሰኞ ጠዋት ነው። ጋዝ ሊሞላ ቦርሳውን ሲከፍት ጌጁ የለም። ጌጅ እንደ ሰዓት ክብ ሆኖ ጠቋሚ ያለው፣ የጋዙን ግፊት የሚያሳይ መሣሪያ ነው፤ ያለ እሱ ጋዝ መሙላት ዓይንን ጨፍኖ መርፌ ላይ ክር እንደ ማስገባት ነው። ቆም ብሎ አሰበ። ጡረተኛው መምህር ቤት ትቶት ከወጣ ሦስት ሳምንቱ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ጌጅ ሳያስፈልገው መክረሙ ስንቱን ጀምሮ ስንቱን እንደጨረሰ ነገረው። ካቻቪቴውስ? ትናንት ባለፀጉር ቤቷ ደንበኛው ጋ ቀርቷል። የኤሌክትሪክ መፈተሻውን ቴስተር ግን የት እንደተወው ጨርሶ ጠፋው። «ምናልባት እሱም እኔን እየፈለገኝ ይሆናል» ሲል በራሱ አሾፈ።

እትዬ የወተቱን ክዳን ከፍተው አሸተቱና መልሰው ከደኑት። ተበላሽቷል።

ሰውየው ለእንዲህ ያለ ጊዜ ሦስት ምክንያቶች አሉት፤ መንገድ ተዘጋ፣ መብራት ጠፋ፣ መለዋወጫ ሻጩ የለም። እየተጠነቀቀ ያፈራርቃቸዋል። ለእትዬ ባለፈው መብራቱን ስለተጠቀመበት ተራው የመንገዱ ነበር። አፉን ሊከፍት ሲል ፒንሳዋን አያት። እትዬ እንዳትቆሽሽ ከሥሯ ንጹሕ ጨርቅ አንጥፈውላታል።

«እትዬ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አለ። «መንገዱም ክፍት ነበር።»

«ሰባት ዓመት ስትመላለስ አዲስ ነገር የሰማሁብህ ዛሬ ገና ነው» አሉት። «ይልቅ ለመዋዕለ ሕፃናቱ ዲሬክተር ምን ልበላት? ሌላ ሰው ልትይዝ ሰበብ ነው የምትፈልገው።»

«እኔው እነግራታለሁ።»

ሄዶም ነገራት። ዲሬክተሯ እስከ መጨረሻው ሰማችው። «ነገ ሁለት ሰዓት ላይ ቀዝቃዛ ወተት ካልደረሰኝ ከእትዬ ጋር አበቃን» አለች። «ነገስ በማን ልታመካኝ ነው?»

«ሰው አልቀረኝም። እኔ ብቻ ነኝ ያለሁት።»

ከዚያ በቀጥታ መምህሩ ጋ ሄደ። ጌጁ ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

«የልጅ ልጆቼ ሰዓት ነው ብለው ሰቀሉት» አሉ መምህሩ። «ሦስት ሳምንት ዜሮ ላይ ቆመ እንጂ።»

«ለኔ ከሆነ ልክ ነው ጋሼ። እኔም እዚያው ነኝ።»

«የኔ ፍሪጅስ?»

«ሐሙስ ሦስት ሰዓት። ዛሬ የእትዬ ነው፣ ነገ የባለፀጉር ቤቷ።»

«እስከዚያ ምን ትተህልኝ ትሄዳለህ?»

«ምንም ጋሼ። ሐሙስን ነው የምተውልዎት።»

መምህሩ ጌጁን ከሚስማሩ አወረዱለት፤ ሐሙስን ግን እምብዛም ያመኑት አይመስሉም።

እትዬ ቤት ሥራውን ገና እንደጀመረ ስልኩ ጠራ። እጁ ወደ ኪሱ ሄደ፤ እጁንም ራሱንም ታዘበ። ስልኩን አውጥቶ ባዶው ፍሪጅ ውስጥ አስቀመጠና በሩን ዘጋበት። ከውስጥ ሲያጉረመርም ይሰማል። እትዬ «ምነው፣ ሊበላሽ ነው እንዴ?» ብለው ሳቁ። እሱ ጋዙን ሞላ፣ ጀርባውን በፒንሳዋ ገጠመ፣ ተቀምጦም ጠበቀ። ማታ አካባቢ ሲከፍተው ስልኩ በረዶ ሆኗል። ፍሪጁ መሥራቱን በዚህ አወቀ፤ እትዬም አዲስ ወተት ተቀብለው አስገቡበት።

መጀመሪያ የደወለው ለሚስቱ ነው።

«ስድስት ጊዜ ደወልኩ እኮ። ምን ሆነህ ነው?»

«ስልኩ ፍሪጅ ውስጥ ነበር።»

«በሩ ተዘግቶ?»

«ተዘግቶ።»

«በል ና፣ ራት ቀርቧል።»

በማግስቱ ሁለት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው የወተቱን ማሰሮ በሁለት እጁ አቅፎ መዋዕለ ሕፃናቱ በር ላይ ቆመ። ዲሬክተሯ ማሰሮውን በመዳፏ ነካ አደረገች፣ ሰዓቷን አየች፣ መንገድ ለቀቀችለት። ይሄኔ ኪሱ ውስጥ ስልኩ ጮኸ።

«ስልክህ እኮ ነው» አለችው።

«እየሰማሁት ነው» አለ፤ ማሰሮውን ግን አላስቀመጠም።